የኀዘን ማረፊያ
ስለ ትዝታ፥ ስለ ዜማና ስለ ተወደደ ስፍራ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር

ሰው በሕይወቱ ዘመን ከሚማራቸው ትምህርቶች ሁሉ፥ አስተማሪ ሳይቀጠርለት፥ መጽሐፍም ሳይገዛለት፥ የፈተናውም ቀን አስቀድሞ ሳይነገረው የሚማረው አንድ ትምህርት ቢኖር ማጣት ነው። ሀብታሙም ድኻውም፥ ሹሙም ተራው ሰውም በየተራው ይማረዋል። ዛሬ ስለዚህ ነገር መናገር የፈለግሁት የማንንም ኀዘን ለመቀስቀስ አይደለም፤ ለዚያማ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ይበቃዋል። የንግግሬ ዐላማ አንድ ጥያቄ መመርመር ነው። ይኸውም፥ ያጡት ነገር የማይመለስ ከሆነ፥ ሰው በዜማ፥ በጕዞና በሚወደው ስፍራ የሚጽናናው ስለ ምንድን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ብዙ ሰዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ «ስለሚያስረሳው ነው» የሚል ነው። ዘፈን ኀዘንን ያስረሳል፥ መንገድ ሐሳብን ይበትናል፥ አየር መለወጥም ልብን ያድሳል ይባላል። ይህ መልስ ግን ከእውነቱ ግማሹን ብቻ የያዘ ይመስለኛል። ሰው ከዜማ የሚፈልገው መርሳትን ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ያገራችን ሕዝብ ከዜማዎቹ ሁሉ አብልጦ ትዝታን ባልወደደም ነበር፤ ትዝታ የሚያስታውስ እንጂ የሚያስረሳ ዜማ አይደለምና። ያዘነ ሰውም ከሞተበት ወዳጁ ጋራ ይቀመጥበት ወደ ነበረው ጥላ ሥር ተመልሶ ባልሄደም ነበር።

ስለዚህ እኔ የደረስሁበት ሐሳብ ሌላ ነው። ዜማም፥ ጕዞም፥ ስፍራም ኀዘንን አያጠፉትም፤ ማረፊያ ይሰጡታል። ይህ አነጋገር ለጆሮ ብቻ ያማረ ሆኖ እንዳይቀር፥ በመጀመሪያ በሙዚቃችን አሠራር፥ ቀጥሎ በልቅሶ ሥርዓታችን፥ ከዚያም ባንዲት ታላቅ ኢትዮጵያዊት የሕይወት ታሪክ ላስረዳው እሞክራለሁ።

በአማርኛ ዘፈን ውስጥ የታወቁት ዋና ዋና ቅኝቶች 4 ናቸው፤ እነርሱም ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ክራር የሚመታው ሰው አውታሩን ሲወጥርና ሲያላላ፥ ከነዚህ ወደ አንዱ ለመድረስ ብሎ ነው። ስሞቻቸውን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማቸዋለን፤ ነገር ግን ቆም ብለን ስንመረምራቸው አንድ ቁም ነገር ይገልጡልናል። ትዝታ ማለት ያለፈውን በልብ ማንሣት ነው። ባቲና አምባሰል የወሎ ስፍራዎች ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ፥ ወደ አፋር ቈላ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ፥ አማራው፥ ኦሮሞውና አፋሩ በሰኞ ገበያዋ የሚገናኙባት ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ ከደሴ በስተ ሰሜን ያለ፥ ተራራና አምባ የበዛበት አገር ነው። አንቺ ሆዬ የሚለውም አንዲትን ሴት የመጥሪያ ቃል ነው። እንግዲህ ከ4ቱ ስሞች አንዱ የማስታወስ፥ ሁለቱ የስፍራ፥ አንዱም የጥሪ ስም ነው ማለት ነው። የጥንት ግሪኮችም ቅኝቶቻቸውን በሕዝብና ባገር ስም ይጠሩ ነበር፤ ዜማን ከምድር ጋራ ማያያዝ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። ነገር ግን ማስታወስን፥ ስፍራንና የራቀን ሰው መጥራትን በአንድነት አሰልፎ የሙዚቃው መሠረት ማድረግ፥ ስለ ሕዝባችን ልብ ብዙ የሚናገር ነገር ነው።

አሁን ወደ አሠራራቸው ልግባ። እያንዳንዱ ቅኝት በ5 ድምፆች ይቆማል። ፒያኖ ወይም አኮርዲዮን በቤቱ ያለው አድማጭ ቢኖር ይህን ራሱ ሊሞክረው ይችላል። ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ የሚባሉትን ድምፆች ተራ በተራ ቢነካ፥ በዘመናዊው አጠራር ሜጀር የሚባለውን ትዝታ ያገኛል። በዚህ ትዝታ ውስጥ ድምፆቹ እርስ በርሳቸው ራቅ ራቅ ብለው ስለሚቀመጡ አንዱ ሌላውን አይጋፋውም፤ ስለዚህም ዜማው የረጋና ለስላሳ ይሆናል። ከዚያ ሚንና ላን ብቻ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ቢያደርጋቸው፥ ማይነር የሚባለው ትዝታ ይመጣለታል። በዚህ ጊዜ ሬ ዝቅ ካለው ሚ ጋራ፥ ሶልም ዝቅ ካለው ላ ጋራ በጣም ይቀራረባሉ። አድማጩን ሆዱን የሚያባባው ይህ መቀራረብ ነው። ሦስቱ ድምፆች በነበሩበት ጸንተው፥ ሁለቱ ብቻ ጥቂት ዝቅ በማለታቸው ዜማው በሙሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ሰው ሲሞትብን የሚሆነውም ይህን ይመስላል። ቤቱ ያው ቤት ነው፥ መንገዱም ያው መንገድ ነው፥ ቢሮውም ያው ቢሮ ነው፤ ከብዙው ነገር መካከል አንድ ወይም ሁለት ነገር ጐድሎ ሳለ፥ ዓለሙ ሁሉ የተለወጠ ሆኖ ይሰማናል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ቀጥሎ የምናገረው ነው። ያው አድማጭ ከማይነሩ ትዝታ 5 ድምፆች አንዱንም ሳይጨምር፥ አንዱንም ሳይቀንስ፥ የዜማውን መነሻና ማረፊያ ከዶ አንሥቶ ሶል ላይ ቢያደርገው፥ የሚሰማው ዜማ ትዝታ መሆኑ ቀርቶ አምባሰል ይሆናል። ድምፆቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ዜማው ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበት ስፍራ ነው። አምባሰልን በማሪቱ ለገሠ ድምፅ፥ ትዝታንም በማሕሙድ አሕመድ ወይም በበዛወርቅ አስፋው ድምፅ የሰማ ሰው፥ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅ የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልገውም። አንደኛው ወደ ውስጥ ይመለከታል፤ ሁለተኛው ከከፍታ ላይ ሆኖ ወደ ሩቅ የሚጣራ ይመስላል። ልዩነታቸው ይህን ያህል ሆኖ ሳለ፥ የተሠሩት ካንድ ዐይነት ድምፅ ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም በዚህ ውስጥ ይገኛል። ያጣነውን ነገር መለወጥ አንችልም፤ ኀዘናችን ዞሮ የሚያርፍበትን ስፍራ ግን ልንለውጠው እንችላለን።

ይህን ነገር አባቶቻችንና እናቶቻችን በሙዚቃ ብቻ ሳይሆን በልቅሶ ሥርዓትም ዐውቀውት ነበር። መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ሽማግሎችና የቅርብ ዘመዶች ተሰብስበው፥ ብዙውን ጊዜም በማለዳ፥ ባለ ኀዘኑ ብቻውን ሳይሆን ያረዱታል። ልቅሶውም እንዲያው ጩኸት ብቻ አይደለም። ሙሾ አውራጇ ግጥሙን ታወርዳለች፥ የተሰበሰበውም ሕዝብ ይቀበላታል፤ በዚያም ውስጥ የሟቹ ስም፥ ትውልዱ፥ ሞያውና አገሩ በየተራ ይነሣል። በዚህ ዐይነት እንባ ምት ያገኛል፤ ምት ያገኘ እንባም ማቆሚያውን ያገኛል። ከዚያ በኋላ ቀኖቹ ይቈጠራሉ። በክርስቲያኑ ዘንድ 3ኛው፥ 12ኛው፥ 40ኛውና 80ኛው ቀን፥ መንፈቁና ሙት ዓመቱ ይታሰባል፤ በሙስሊሙም ዘንድ ጐረቤትና ዘመድ በዱዓና በሰደቃ ይሰበሰባል። እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፥ ወንበር ያመጣል፥ ንፍሮ ያቀርባል፥ ከባለ ኀዘኑም ጋራ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ሲታይ ድካም ይመስላል፤ ሥራው ግን ኀዘኑን ከፋፍሎ በቀንና በሰው ላይ ማደል ነው።

በሩቅ አገር ሞቶ ሬሳው ላልመጣ ሰውም ሥርዓት አለው። ቤተ ሰቡ ፎቶግራፉን ወይም ልብሱን በፊቱ አኑሮ ያለቅሳል፤ ይህም እርም ማውጣት ይባላል። እርሙን ያላወጣ ሰው ኀዘኑን እንደ ተሸከመው ይቀራል ብለው ያምኑ ነበርና፥ መቃብር ባይኖር እንኳ ለልቅሶው የሚሆን አንድ ምልክት፥ አንድ ማረፊያ ይፈልጉለታል። ይህ ነገር በዛሬው ዘመን ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልገናል። በዋሺንግተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጁ በአገር ቤት ቢሞትበት፥ ወገኖቹ ማልደው ቤቱን ሞልተው ያረዱታል፤ በዚያም ያለቅሳል። በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እኅታችን ግን መርዶዋን በስልክ፥ በማእድ ቤት ውስጥ ቆማ የምትሰማበት ጊዜ አለ። የሚያረዳት ሽማግሌ፥ የሚቀበላት ሕዝብ፥ የምትቀመጥበትም ድንኳን የላትም። የሞተባት ሰው አንድ ቢሆን፥ ጉዳቷ ግን ሁለት ነው፤ ሰውም አጥታለች፥ የልቅሶ ስፍራም አጥታለች።

የራሴን ነገር በመካከል መጥቀስ ከተፈቀደልኝ፥ እናቴ ጥጥ ስትፈትል ቃል የሌለው ዜማ በአፍንጫዋ ታንጐራጕር ነበር። እኛ ልጆቿ ዜማውን ከእንዝርቱ ሽክርክሪት ለይተን አናውቀውም ነበር፤ ሁለቱም ለእኛ የእናታችን ድምፅ ነበሩ። ካረፈችም በኋላ ያን ዜማ ለማስታወስ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልመጣልኝም። ከዓመታት በኋላ ለሥራ ጉዳይ ወደ ደሴ ሄድሁ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በደብረ ብርሃን ብርዳም ሜዳ አልፎ፥ በጣርማ በር ዋሻ ገብቶ፥ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ቈላ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከዚያም በኮምቦልቻ በኩል እንደ ገና ወደ ደጋ ይወጣል። በጦሳ ተራራ ግርጌ ባደርሁበት ማታ፥ አንድ ማሲንቆ የሚመታ ሰው ግጥም ሳይጨምር ብቻውን ዜማ ሲያወጣ ሰማሁ፤ ያው የእናቴ ዜማ ነበር። አጠገቤ ለተቀመጡት አዛውንት ይህ ምን ይባላል ብዬ ብጠይቃቸው፥ «አምባሰል ነው፤ አገሩም ከዚህ ሩቅ አይደለም» አሉኝ። እናቴ ወሎን አይታ አታውቅም ነበር። ያን ሌሊት ያለቀስሁት ልቅሶ ከቀብሯ ቀን ልቅሶ ይልቅ ቀለለኝ። ስለ ምን ቀለለኝ ብዬ ራሴን ብመረምር ምክንያቱ አንድ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በየትም ሲንከራተት የነበረው ትዝታዬ የሚያርፍበት አገር ስላገኘ ነው። ከዚያ ወዲህ ደሴ ከምወዳቸው ከተሞች አንዷ ሆናለች፤ የምወዳት ግን ስለ ውበቷ ብቻ አይደለም።

አሁን ከዚህ ከእኔ ትንሽ ነገር ወደ ታላቁ ምሳሌ ልለፍ። ይኸውም የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሕይወት ነው። ማጣት፥ ሙዚቃ፥ ጕዞና ስፍራ በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ተሳስረው የተገኙበት ሌላ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ዓመቶቹን በኢትዮጵያ አቈጣጠር እጠራለሁ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር የሆኑትን እ.ኤ.አ. ብዬ እለያቸዋለሁ።

እማሆይ በታኅሣሥ ወር 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር፤ አባታቸውም ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። ገና 6 ዓመት ሲሆናቸው ከእኅታቸው ጋራ ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ተላኩ። ከእናት ጕያ ተለይቶ ወደማያውቁት አገርና ቋንቋ መሄድ ለሕፃን ልጅ የመጀመሪያው ማጣት ነው፤ ሙዚቃን ያገኙትም በዚያው አገር ነው። ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ጥቂት ጊዜ እንደ ቆዩ የፋሺስት ወረራ መጣ። ከቤተ ሰባቸው 3 ሰዎች ተገደሉ፤ እርሳቸውም በ1937 እ.ኤ.አ. ከቤተ ሰባቸው ጋራ በግዞት ወደ ኢጣልያ፥ አዚናራ ወደምትባለው ደሴት ተወሰዱ። ከጦርነቱ በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለው የፖላንድ ተወላጅ የቫዮሊን መምህር ዘንድ በብርቱ ተማሩ። በኋላም ወደ ሎንዶን ሄደው ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ ተከፍቶላቸው የነበረው ዕድል ሳይፈጸም ቀረ። ይህም ለእርሳቸው እንደ ሞት ያለ ኀዘን ሆነባቸው፤ ሰው የሚያዝነው ለሞተ ሰው ብቻ አይደለም፥ ሳይኖረው ለቀረው ሕይወትም ያዝናልና።

በዚህ ጊዜ ያደረጉት ነገር የሚያስደንቅ ነው። የአዲስ አበባን ኑሮ ትተው ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ። ግሸን የሚገኘው በዚያው በአምባሰል ምድር ነው፤ በመስቀል ቅርጽ የተቀረጸ የሚመስል፥ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው፤ በየዓመቱም መስከረም 21 ቀን ከያገሩ የሚመጣ ምእመን ይሞላዋል። በጥንት ዘመን የነገሥታት ዘሮች ዙፋን እንዳይሻሙ በግዞት ይጠበቁበት የነበረ አምባ መሆኑም በታሪክ የታወቀ ነው። ስለዚህ ስፍራው ራሱ ብዙ የቀረ ተስፋ ያየ ስፍራ ነው። በአውሮፓ ትምህርት ቤት ያደጉት ወጣት በዚያ ምንኵስናን ተቀብለው፥ ጽጌ ማርያም ተብለው፥ ባዶ እግራቸውን እየሄዱ 10 ዓመት ያህል ኖሩ። ፒያኖ በአምባው ላይ አልነበረም። ሙዚቃን አጥተው ወደዚያ የወጡት ሴት፥ በዚያ ያገኙት ሙዚቃ ሳይሆን ጸጥታ ነበር።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አልተፈጸመም። ከአምባው ከወረዱ በኋላ ወደ ፒያኖው ተመለሱ። በጐንደርም ሳሉ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ተማሩ፤ ዜማና ቅኔ ለመማር ከሩቅ አገር መጥተው በችግር የሚኖሩትን የቆሎ ተማሮችም አዩ። ለሌሎች የምሰጠው ገንዘብ የለኝም፥ ሙዚቃ ግን አለኝ የሚል ሐሳብ አድሮባቸው፥ በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን አሳተሙ፤ ገቢውም ለችግረኞች መርጃ ሆነ። የሙዚቃቸውን መልክ ለመግለጽ፥ በአውሮፓ ትምህርት የተገራ እጅ የኢትዮጵያን ቅኝት ሲናገር ነው ብንል ይበቃል። ምቱ እንደ ወታደር ሰልፍ እኩል አይሄድም፤ በሐሳብ እንደሚሄድ ሰው ጥቂት ይፈጥናል፥ ጥቂት ይዘገያል፥ ቆም ብሎም ወደ ኋላ የሚመለከት ይመስላል። የድርሰቶቻቸው አርእስት ራሱ ብዙ ይነግረናል፤ አንዱ ስለ ቤት አልባ መንገደኛ ነው፥ አንዱ ስለ እናት ፍቅር ነው፥ አንዱ ስላገር ናፍቆት ነው፥ አንዱም ስለ ባሕር ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያውያን ገዳም ተቀመጡ። በ2006 እ.ኤ.አ. ፒያኖአቸው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም 21ኛ ቍጥር ሆኖ በወጣ ጊዜ፥ ኢትዮጵያን አይተው የማያውቁ ብዙ ሰዎች በዓለም ዙሪያ ሰሙት። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በዚያው በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? እማሆይ የሞቱባቸውን ወገኖች አላስመለሱም፤ የቀረባቸውንም የሎንዶን ትምህርት ዳግመኛ አላገኙትም። 5ቱ ድምፆች እንደ ነበሩ ነበሩ ማለት ይቻላል። የተለወጠው ማረፊያው ነው። «ምን ቀረብኝ» በሚለው ላይ ያርፍ የነበረው ሕይወት፥ በግሸን ጸጥታና በቆሎ ተማሮች ችግር በኩል አልፎ «ለማን እተርፋለሁ» በሚለው ላይ ዐረፈ። ኀዘኑም ከሙዚቃቸው ውስጥ አልጠፋም፤ ዛሬም ለሚሰማው ሁሉ ይሰማል። ነገር ግን የሚያደማ መሆኑ ቀርቶ የሚያጽናና ሆነ።

ምናልባት አንዳንድ አድማጭ፥ ይህ ለመናንያንና ለጥበበኞች የሚሆን ነገር ነው፥ ጧት 2 ሰዓት ተኩል በቢሮው ተገኝቶ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ለሚወጣ ሠራተኛ ምን ይጠቅመዋል? ይል ይሆናል። እኔ ግን ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው ለእርሱ ይመስለኛል። የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ነገር በጸጥታ የሚያጣ ሰው ነው። በዝውውር ካንድ አገር ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ጐረቤቱን፥ ማኅበሩንና እድሩን ይተዋል። ሰው ሲሞትበትም ለኀዘን የሚፈቀድለት ቀን ጥቂት ስለ ሆነ፥ የልቡ ልቅሶ ሳያልቅ ወደ መዝገቡና ወደ ማኅተሙ ይመለሳል።

ከተማውም ይለወጣል። ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ለገሃር የመሰነባበቻ ስፍራ ነበር፤ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን ሰው ብዙ እናት በዚያ ቆማ አልቅሳለች። በ2018 እ.ኤ.አ. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን የሚነሣው ከከተማው ዳር ነው፤ የመሰነባበቻው እንባም ካየር ዘመን ወዲህ ወደ ቦሌ ተዛውሯል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው የቈየ ሠፈር ሲነሣ፥ ነዋሪዎቹ የተለዩት ከግድግዳና ከቆርቆሮ ብቻ አይደለም። የሚቀብራቸውን እድር፥ ቡና የሚጠራቸውን ጐረቤት፥ ልጅነታቸውን የሚያውቀውን ደጃፍ ትተው ወደየአዲሱ ሠፈራቸው ሄደዋል። ከተማ መታደሱ አይቀርም፤ ዳሩ ግን ማደስ የሚገባው ቤቱን ብቻ ሳይሆን በቤቶቹ መካከል የነበረውንም ገመድ ነው። በአዲሱ ሕንጻ 4ኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሲሞት ድንኳኑ የት ይተከላል? ብሎ አስቀድሞ ማሰብ ተራ ነገር አይደለም። ለልቅሶ ስፍራ ያልተወለት ሠፈር፥ ሰዎቹን ለብቻቸው እንዲያለቅሱ ይፈርድባቸዋል።

ስለዚህ ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት በሥራ ላይ ሊውሉ የሚችሉ ሦስት ነገሮች ላቅርብ።

አንደኛው፥ ባልደረባችን ሰው ሲሞትበት በመጀመሪያው ቀን ተሰብስበን ሄደን ከተመለስን በኋላ ነገሩ አበቃ ብለን እንዳንተው ነው። አባቶቻችን እስከ ሙት ዓመት የቈጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ40ኛው ቀን ወደ ጠረጴዛው ቀርቦ «እንዴት ከረምህ?» ማለት ወጪ የለውም፤ በዚያ ቀን ግን ብዙ ሰው ረስቶታልና፥ ጥያቄው ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው፥ በዓመት ዕረፍታችን አንድ ጊዜ እንኳ ያጣነው ሰው ወደሚወደው ስፍራ መሄድ ነው። የግድ ሩቅ መሆን የለበትም፤ እንጦጦ ሊሆን ይችላል፥ የወንዝ ዳር ሊሆን ይችላል፥ የተወለደበትም መንደር ሊሆን ይችላል። ልጆችንም ይዞ ሄዶ፥ «አያታችሁ ውሃ የቀዳችው ከዚህ ነው» ብሎ በጣት ማሳየት ይገባል። ስፍራውን ያላየ ልጅ ታሪኩን እንደ ተረት ይሰማዋል፤ ያየው ልጅ ግን የራሱ ያደርገዋል።

ሦስተኛው፥ ሽማግሎቻችንና ባልቴቶቻችን ሳያልፉ፥ የሚያንጐራጕሩትን ዜማ፥ የሚያውቁትን ሙሾና እንጕርጕሮ መቅረጽ ነው። ቀድሞ ይህን ለማድረግ ከባድ መሣሪያ የተሸከመ ሰው ከከተማ መምጣት ነበረበት፤ ዛሬ ግን መቅረጫው በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ውስጥ ይገኛል። የዘማሪውን ስም፥ ያገሩን ስምና ቀኑን ጨምሮ ማኖር ብቻ ነው። ድምፅ ከሰውየው ጋራ የሚቀበርበት ዘመን ካለፈ በኋላ፥ የእናታችንን ዜማ ለማግኘት በሌላ አገር እስክንሰማው መጠበቅ የለብንም።

ክቡራትና ክቡራን አድማጮች፤ ትዝታን ድክመት አድርገው የሚቈጥሩ ሰዎች አሉ፤ ወደ ፊት ለመራመድ ወደ ኋላ አለማየት ይበጃል ይላሉ። ነገር ግን ማሲንቆው የሚነግረን ሌላ ነው። አንዲት አውታር ብቻ ያለው ይህ መሣሪያ ዜማ የሚያወጣው፥ ጣት ከላይ ወደ ታች፥ ከታች ወደ ላይ ሲመላለስ ነው። አንድ ቦታ ላይ የቆመ ጣት አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ ወደ ማረፊያው የማይመለስ ጣትም ዜማውን አይፈጽመውም። ወደ ፊት እንሂድ፥ እንሥራ፥ እንገንባ፤ ስንሄድም የምንመለስበትን እናስታውስ። ያጣናቸውም ሰዎች በዜማችን፥ በመንገዳችንና በምንወዳቸው ስፍራዎች ማረፊያ ይኑራቸው።